በየት በኩል ይከፈት

ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚራ ያንቀላፋል፤
የዛፉ ጥላ እንኳ ከግንዱ ሥር ተጠቅልሎ ያርፋል።
ሱቁ ተዘግቷል፤
የባጃጁ ሹፌር እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ተኝቷል።
ቬንትሌተሩ ብቻ ግራ ቀኝ እያየ፣
«አይሆንም» ይለኛል፣ ከጠዋት ጀምሮ በዚሁ ቃል ቆየ።

እውነትም አልሆነልኝም።
አንድ ቃል ፈልጌ ቁልፉን ስነካው፣
ተሰኪው ሮጦ ፋይሉን ያመጣል፤ ማምጣቱን ያውቃል፣ ማኖሩ ነው ጣጣው፤
የማነበው ላይ፣ ልክ የማነበው ላይ ያነጥፈዋል፣
ቅድም የያዝኩትን ሐሳብ ከሥሩ ይቀብረዋል።
«የት ነበርኩ?» እላለሁ።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱም ረስቷል።

ትናንት ቅንብሩ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመርኩ፣
«የመጣውን ሁሉ በአዲስ ትር ክፈት» ብዬ አዘዝኩ።
ታዘዘ! ለምሳ ስነሣ አርባ ሦስት ትር፣
እንደ ታይዋን ሱቅ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሲደረደር፣
የስማቸው ጅራት ተቆርጦ፣ ሁሉም «ዋና…» «ዋና…» ሲሉኝ፣
ዋናው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።
ማታ ደግሞ «መስኮቱን ክፈል» አልኩት፤ ከፈለው፤
የተከፈለውንም መልሶ ከፈለው፤
በመጨረሻ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ቀረኝ፣
ኮዴን በበር ቀዳዳ እንደሚሰልል ሰው ተጎንብሼ አነበብኩ።

አባቴ በረንዳው ላይ ነው፣ በሽርጥና በካናቴራ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ለገሃር የሠራ፣
ሐዲድ ቀያሪ፣ ሙሴ ወንዳፍራሽ።
ዘንግ ሲጎትት የኖረው መዳፉ
ዛሬም እስከ ጫፍ አይዘረጋም።

«ትርንጎ! ውሃ እንዳለቀበት ሎኮሞቲቭ ምን ያስተነፍስሻል?»
ነገርኩት። መስኮት አልኩት፤ ገባው። ትር አልኩት፤
«ትር ምንድን ነው?»
«የስሜ ግማሽ።»
ስሙን ያወጣው ሰውዬ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

መነጽሩን ፈልጎ መጣ። ኮድ አያነብም፤
መስመር ግን ያያል፣ መስመር አይስትም።
«ይኼ የምታነቢው ቆሟል ወይስ ይሄዳል?»
«ቆሟል።»
«ታዲያ በተያዘ ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር ማን ይሰዳል?»

ዝም አልኩ። እሱ ግን ጀምሯል፤
«ለመጣ ለሄደውም አዲስ ሐዲድ አይነጠፍም፤ ብረቱ ከየት ይመጣል?
እኛ ከመጋዘኑ በስተቀኝ አንዲት የጎን መስመር ነበረችን፤
የመጣው እዚያ ይገባል። ከተያዘች፣ ያለው ይውጣላት።
ዋናው መስመር አይነካም።»
ከዚያ ወደ ጓዳው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«አንድ ሌሊት ነክቼዋለሁ።
እንቅልፍ ነው። ሽንኩርት የጫነ ፉርጎ
የቆመ ፉርጎ ላይ ሰደድኩ። ሰው አልተጎዳም።
ሽንኩርቱ ግን ሐዲዱን አልብሶት አደረ።
የግማሽ ወር ደሞዝ ተቆረጠብኝ፤
ለእናትሽ ‹ዕድር ከፈልኩበት› አልኳት።
እሷ ያን ሳምንት፣ ‹ሽንኩርት እንዴት ረከሰ!› ስትል ከረመች።»

ጻፍኩት፦
በስተቀኝ መስኮት ካለ፣ እሱ ላይ ክፈት፤
ከሌለ ክፈል፣ አንዴ ብቻ፤
ትር፣ እኔ ሺፍት ይዤ ካልጠራሁት አይምጣ፤
የማነበውን አትንካ።

አስቀምጬ ዘጋሁ፤ መልሼ ከፈትኩ። ቃሉን ነካሁት።
ፋይሉ በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ ገባ፤
የኔን መስመር ከነጠቋሚው እቦታው ቆሞ አገኘሁት።
አባቴ በጥርሱ መሃል አፏጨ፣
አንዴ፣ አጭር፣ ማለፍ ለተፈቀደለት ባቡር እንደሚያፏጨው።

ወዲያው መብራት ሄደ።
ቬንትሌተሩ «አይሆን—» እንዳለ ቀረ።
በባትሪው፣ ሙቀቱ ሳይደፍቀኝ፣
ከአራቱ መስመሮች በላይ፣ ለሌላ ሰው የማይገባ
የአንድ ቃል ማስታወሻ ጨመርኩ፦
ሽንኩርት።